የፌስታል እገዳው በላም ጨጓራ ሲለካ

ገበያ በተበተነ ማግስት ማለዳ ወደ አንድ የወረዳ ከተማ የገበያ ሜዳ ጎራ ያለ ሰው ሁለት ነገር አያጣም፤ ነፋስ እየገፋ አጥር ሥር የከመረው ፌስታልና ያንን ክምር እያገላበጡ የሚለቃቅሙ ከብቶች። ትናንት ቲማቲም የተቋጠረበት፣ ጨው የተሰፈረበት፣ ሙዝ የተንጠለጠለበት ፌስታል ዛሬ ልጣጭና ፍርፋሪ ይዞ ተጥሏል። ላሟ የምትፈልገው ልጣጩንና የጨውን ጣዕም ነው። ይሁን እንጂ ላም እንደ ፍየል በከንፈሯ መርጣ የምትቀነጥብ እንስሳ አይደለችም፤ ያገኘችውን በምላሷ ጠቅልላ ታስገባለች። ልጣጩ ከነመያዣው ይዋጣል።

ከዚያ በኋላ ያለው ጉዳት ቀስ ብሎ የሚመጣ በመሆኑ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ አይታወቅም። ሣርና ገለባ በጨጓራ ውስጥ በጥቃቅን ተሕዋስያን ይብላላል፤ ተመልሶ ይመሰኳል፤ ደቅቆ ወደሚቀጥለው ክፍል ያልፋል። ፌስታል አይብላላም፣ አይደቅም፣ አያልፍም። ዛሬ አንድ፣ በሳምንቱ ሌላ እየተጨመረ እርስ በርሱ ተጠማዝዞ እንደ ገመድ ጥቅል ይሆናል። የጨጓራው ቦታ በማይረባ ነገር ስለሚያዝ ላሟ መኖ ትተዋለች፣ ወተቷ ይቀንሳል፣ ሆዷ ይነፋል፣ ሰውነቷ ግን ይከሳል። አርሶ አደሩ የሆድ ትል መስሎት መድኃኒት ያግታታል፤ ትሉ ቢወጣ እንኳ ፌስታሉ አይወጣም። መፍትሔው የግራ ጎኗን ከፍቶ ጨጓራውን በቀዶ ሕክምና ማጽዳት ሲሆን፣ ይህ ደግሞ በየቀበሌው የእንስሳት ጤና ኬላ የሚሠራ ሥራ አይደለም። ስለሆነም ላሟ ብዙ ጊዜ በርካሽ ትሸጣለች ወይም ትታረዳለች። የከሳችበት ምክንያት የሚታወቀው ጨጓራዋ ሲከፈት ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። የፕላስቲክ ከረጢት በአካባቢና በከብቶች ጤና ላይ የደቀነውን አደጋ የመረመረና በጎንደር ከተማ ላይ ያተኮረ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2011 ታትሟል። በተለያዩ የአገሪቱ ቄራዎች በእርድ ከብቶች ጨጓራ ውስጥ የተገኙ ባዕድ ነገሮችን የመዘገቡ ጥናቶችም በተደጋጋሚ ቀዳሚ ሆኖ ያገኙት ፕላስቲክን ነው፤ ገመድ፣ ጨርቅና ሽቦ ከእሱ በኋላ ይመጣሉ። የቀንድ ከብቶቿ ቁጥር 70 ሚሊዮን ገደማ ለሆነ አገር ይህ የከተማ ጽዳት ወሬ ብቻ ሊሆን አይችልም። ጉዳዩ የወተት፣ የሥጋና የበሬ ጉልበት ጉዳይ ነው።

ሆኖም ፕላስቲክ በተነሳ ቁጥር ውይይቱ ከከተማ አይወጣም። የሚነሳው የተዘጋ የፍሳሽ ቦይ፣ የቆሸሸ ጎዳናና የከተማ ውበት ነው። ሕጉን የማስፈጸም ሥራም በአብዛኛው በአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቶች፣ በማዘጋጃ ቤቶችና በደንብ አስከባሪዎች ትከሻ ላይ ያርፋል። ፌስታሉ ግን ከተማ ውስጥ አይቆይም። ነፋስ ወደ ግጦሽ መሬት፣ ጎርፍ ወደ ማሳ፣ ከብት ወደ ጨጓራው ይወስደዋል። የከተማው ነዋሪ ለአሥር ደቂቃ የያዘውን ዕቃ አርሶ አደሩ ለዘመናት ይሸከመዋል።

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ያጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ አዋጅ ፌስታልን ማምረት፣ ከውጭ ማስገባት፣ መሸጥና መጠቀምን ይከለክላል። ከልካዩን ተላልፎ ሲጠቀም የተገኘ ግለሰብ ከ2 ሺህ እስከ 5 ሺህ ብር የሚደርስ ቅጣት ይጠብቀዋል፤ በምርትና በንግድ ላይ በተሰማሩት ላይ የሚጣለው ቅጣት ደግሞ በአሥርና በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ነው። አዋጁ ሲወጣ በቀጥታ ወደ ቅጣት አልተገባም፤ አምራቹም ነጋዴውም እጁ ላይ ያለውን የሚጨርስበትና ሥራውን የሚቀይርበት የመሸጋገሪያ ጊዜ ተሰጥቷል።

አገሪቱ ፌስታልን በሕግ ለመግታት ስትሞክር ይህ የመጀመሪያዋ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረታቸው 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች ለሆኑ፣ በተፈጥሮ ለማይበሰብሱ የፕላስቲክ ከረጢቶች የማምረቻም ሆነ የማስመጫ ፈቃድ እንዳይሰጥ ደንግጎ ነበር። ለገበያ የሚቀርበው ከረጢት የሚበሰብስ ይሁን የማይበሰብስ በላዩ ላይ እንዲጻፍም ያዝዛል። ከአዋጁ በኋላ ባሉት ዓመታት ግን ቀጭኑ ፌስታል ከገበያ መጥፋቱ ቀርቶ ከዋና ከተማ እስከ ገጠር ቀበሌ ሱቅ ደረሰ።

ለምን? መልሱ የሚገኘው በዚያች 0.03 ሚሊ ሜትር ላይ ነው። ይህ ውፍረት ከአንድ ተራ የጽሕፈት ወረቀት ውፍረት አንድ ሦስተኛ ያህል ነው። በገበያ መሐል የቆመ ደንብ አስከባሪ ፌስታሉን በጣቶቹ ዳስሶ 0.03 ይሁን 0.04 ሊያውቅ አይችልም፤ ሻጯም አታውቅም፣ ገዢውም አያውቅም። መለኪያ መሣሪያ ካልተያዘ በቀር ሕጋዊውና ሕገ ወጡ አንድ ይመስላሉ። በዓይን የማይለይ ክልከላ ደግሞ መጋዘን ውስጥ እንጂ ጉልት ላይ አይሠራም። አዲሱ አዋጅ በዚህ ረገድ ትልቅ እርምጃ ወስዷል፤ ቀጭንና ወፍራም ብሎ ሳይለይ ከልክሏልና ማንም ሰው በዓይኑ አይቶ ያውቀዋል።

ኬንያ የሄደችበት መንገድ ተመሳሳይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 እና በ2011 ቀጫጭን ከረጢቶችን ብቻ ለይታ ለማስቀረት ሞክራ አልተሳካላትም። በመጨረሻ ኦገስት 28 ቀን 2017 የንግድና የቤት ውስጥ መያዣ የሆኑ የፕላስቲክ ከረጢቶችን በሙሉ አገደች። ቅጣቱም በዓለም ከባድ ከሚባሉት አንዱ ነበር፤ እስከ 4 ሚሊዮን የኬንያ ሽልንግ ወይም እስከ አራት ዓመት እስራት። የሱፐርማርኬቶቹ ልማድ በፍጥነት ተቀየረ። በጎዳና ንግድና በአትክልት ተራ ግን ሥራው ከብዶ ነበር፤ ከጎረቤት አገር በኮንትሮባንድ የሚገባውንም መከላከል ራሱን የቻለ ዘመቻ ሆነ።

ከኬንያ ተሞክሮ ለግብርናው ዘርፍ የሚበጀው ቁምነገር ግን ቅጣቱ ሳይሆን የተለካበት መንገድ ነው። እገዳው ስምንት ወር ሲሞላው የአገሪቱ የአካባቢ አስተዳደር ባለሥልጣን የሕግ ማስከበር ኃላፊ ለውጡን ሲገልጹ ያነሱት ማስረጃ ቄራን ነበር። ቀደም ሲል ለእርድ ከሚቀርቡ 10 እንስሳት በሦስቱ ሆድ ዕቃ ፕላስቲክ ይገኝ እንደነበርና ቁጥሩ ወደ አንድ መውረዱን ተናግረዋል። ይህ የባለሥልጣኑ የራሱ አኃዝ በመሆኑ በገለልተኛ አጥኚ ዘንድ ጥያቄ ሊነሳበት ይችላል። ቢሆንም ጥያቄው ትክክለኛ ቦታ ላይ የተቀመጠ ነው። የተሰበሰበ ፌስታል በኪሎ ቢቆጠር፣ የተቀጣ ነጋዴ በቁጥር ቢዘረዘር የተሠራውን ሥራ ያሳያል እንጂ የመጣውን ለውጥ አያሳይም። ለውጡን የምታሳየው ላሟ ነች።

ኬንያ ሌላም ትምህርት አላት። ፌስታል ሲቀር በቦታው የገባው ጨርቅ የሚመስለው ከረጢት ነው። በእኛም ገበያ በየቀለሙ እየተሸጠ ነው። በእጅ ሲዳሰስ ጨርቅ ይመስላል፤ በእውነቱ ግን ሳይሸመን ተጣብቆ የተሠራ ፕላስቲክ ነው። ወፍራም ሆኖ ሲሠራ ብዙ ጊዜ ያገለግላል። ገበያው ርካሽ ሲፈልግ ግን አምራቹ ያሳሳዋል፤ የሳሳው በሁለተኛው ቀን ይቀደድና እንደ ፌስታሉ ይጣላል። ኬንያ ፌስታልን ካገደች ዓመት እንኳ ሳይሞላ ባለሥልጣኑ ይህንኑ ከረጢት ለማገድ ተነሳ፤ ነገሩም ወደ ፍርድ ቤት አመራ። ሩዋንዳ በ2008 እ.ኤ.አ. በከረጢት የጀመረችውን ክልከላ በ2019 ባወጣችው ሕግ ወደ ሌሎች አንድ ጊዜ ብቻ አገልግለው ወደሚጣሉ ፕላስቲኮች ማስፋቷም ከዚሁ የመነጨ ነው። አንዱ ሲከለከል ሌላው እየተተካ መቀጠሉ የሚጠበቅ ነው። አሁን በኢትዮጵያ ፌስታልን ተክቶ የሚገባው ከረጢት ከምን እንደሚሠራ ከወዲሁ ካልታየ ላሚቱ ነጭ ፌስታል ትታ ሰማያዊ ጨርቅ መሰል ከረጢት ትበላለች።

ለመሆኑ በገጠር ያለው ፕላስቲክ ሁሉ ይጣላል? አይጣልም። የማዳበሪያ ከረጢትን ማየት ይበቃል። አርሶ አደሩ ዩሪያውን በማሳው ከበተነ በኋላ ከረጢቱን አጥቦ እህል ይከትበታል፤ ይሸጠዋል፤ ሲቀደድ ሰፍቶ ለገለባ ያደርገዋል፤ አልፎ ተርፎም የአጥር ቀዳዳ ይደፍንበታል። ሰው «አንድ ማዳበሪያ ጤፍ» ሲል ስለ ማዳበሪያ እያወራ አይደለም፤ ዕቃው ስሙን ወስዶ የመስፈሪያ ስም ሆኗል። ለ2017/18 የምርት ዘመን ሊገዛ የታቀደው የአፈር ማዳበሪያ 24 ሚሊዮን ኩንታል ነበር። በ50 ኪሎ ሲካፈል 48 ሚሊዮን ከረጢት ማለት ነው። ይህ ሁሉ ከረጢት በየሜዳው ተበትኖ አይታይም። የውሃ ፕላስቲክም እንዲሁ ነው። በአንድ የውሃ ፋብሪካ ስም «ሃይላንድ» ተብሎ የቀረው ጠርሙስ ዘይት ይቀዳበታል፣ ጠበል ይያዝበታል፣ ጠላ ይሸጥበታል፤ በመጨረሻም በብዙ ከተሞች ለቆራሌው ይሸጣል።

ልዩነቱ ዋጋ ላይ ነው። ማዳበሪያውና ሃይላንዱ ከተገለገሉባቸው በኋላም ገዢ አላቸው። ፌስታል ገዢ የለውም። ስስ ነው፣ ቆሻሻ ይይዛል፣ አንድ ኪሎ ለመሙላት ብዙ መልቀም ይጠይቃል፤ ቆራሌውም አይፈልገውም። ቢበዛ ከሰል ማቀጣጠያ ይሆናል፤ ይህም ጭሱን በማጀት ውስጥ ላለች እናትና በጀርባዋ ላለ ሕፃን ያወርሳል። ስለዚህ ፌስታልን መልሶ ጥቅም ላይ በማዋል እንቆጣጠረዋለን የሚለው አማራጭ ለጠርሙስ እንጂ ለፌስታል አይሆንም። እገዳው ትክክል የሚሆነው ለዚህ ነው።

ትክክል መሆኑ ግን በጉልት የተቀመጠችውን ሴት ችግር አይፈታም። ቲማቲሟን በመደብ በመደብ ደርድራ የምትሸጥ እናት ፌስታል የምትሰጠው ወዳ አይደለም። ገዢው ባዶ እጁን ይመጣል፤ ፌስታል የላትም ካለ ወደ ጎረቤቷ ያልፋል። አንድ ሺህ ብር የማይሞላ ሸቀጥ ዘርግታ ሁለት ሺህ ብር ብትቀጣ ደግሞ የምታጣው የቀኑን ትርፍ ሳይሆን መነሻዋን ነው። ከላይ የተጠቀሰው ቅጣት በመጀመሪያ ከማን ላይ ይጀምር የሚለው ጥያቄ እዚህ ጋ ክብደት ያገኛል። አምራቹ ጥቂት ነው፤ አከፋፋዩም የታወቀ ነው፤ ጉልት ሻጯ ግን በየገበያው በመቶዎች ነች። ከታች የተጀመረ ቁጥጥር ሻጯን ከማሳደድ አያልፍም፤ ፌስታሉም በጓሮ በር መምጣቱን አያቆምም። ከላይ ከፋብሪካውና ከመጋዘኑ ሲጀመር ግን ጉልቷ ላይ የሚደርስ ነገር አይኖርም፤ ገዢውም ዘንቢሉን ማንጠልጠል ይጀምራል። ሰላሳና አርባ ዓመት ወደኋላ ቢሄዱ ዘንቢል ሳይዝ ገበያ የሚወጣ ሰው እንደ እብድ ይታይ ነበር።

ደረቁ ሸቀጥ በዚህ መልኩ መላ ያገኛል። የሚያስቸግረው እርጥቡ ነው። ሥጋ፣ ቅቤ፣ የተፈጨ በርበሬ፣ ሊጥ በዘንቢል አይያዙም። ቀድሞ ቅቤ በቅጠልና በቅል፣ ሥጋ በኮባ፣ እንጀራ በአገልግል ይያዝ ነበር፤ ዛሬ ይህን ሙሉ በሙሉ መመለስ እንደሚቻል አድርጎ መናገር ቀልድ ይሆናል። ገዢው ከቤቱ ክዳን ያለው ሳህን ይዞ መውጣትን እስኪለምድ ድረስ ለእርጥብ ሸቀጥ የሚሆን የተለየ መፍትሔ ያስፈልጋል። የሥጋ ቤቶችና የበርበሬ ሻጮች ጥያቄ አዋጁ ሥራ ላይ በሚውልባቸው ወራት በግልጽ ካልተመለሰ ሌላውም ነጋዴ ከእነሱ ኋላ ይደበቃል።

ለአማራጩ ጥሬ ዕቃ የሚያቀርበው ደግሞ አርሶ አደሩ ራሱ ሊሆን ይችላል። በእርከን ጠርዝ ላይ ለአፈር ጥበቃ የሚተከለው ቃጫ እስካሁን ከገመድ ብዙም አልዘለለም። በቆላው ሰሌን አለ፤ በጣና ዳርቻ ደንገል አለ፤ የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ደንገሉን ከታንኳ አልፎ ወደ ቅርጫት የሚቀይር እጅ አለው። በአዊ ደጋ ቀርከሃ አለ። መተማና ቋራ ጥጥ ያመርታሉ፤ በባሕር ዳርና በኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ቆመዋል። የአቡጀዲ ከረጢት ለመስፋት የሚያስፈልገው አንድ የልብስ ስፌት መኪናና ጨርቅ ነው። የጎደለው ገበያው ነው። ፌስታል በነጻ በሚባል ዋጋ እስከተገኘ ድረስ የትኛውም የተሰፋ ከረጢት ሊወዳደረው አይችልም። ስለዚህ እገዳውና የሥራ ዕድሉ የማይነጣጠሉ ናቸው፤ ፌስታል በተጨባጭ ሲጠፋ ብቻ ነው በአነስተኛ ማኅበር የተደራጁ ወጣቶች የሰፉትን የሚሸጡት። ባንግላዲሽ እ.ኤ.አ. በ2002 ስስ የፕላስቲክ ከረጢትን ስታግድ ጁት የሚባለውን የራሷን የቃጫ ሰብል ይዛ ነበር፤ ይሁን እንጂ ቁጥጥሩ ሲላላ ፕላስቲኩ ተመልሶ ገበያውን ያዘው። ጥሬ ዕቃ መኖሩ ብቻውን አይበቃም።

ወደ ማሳው ስንመጣ ጉዳቱ ከከብቱ ያነሰ ይታያል እንጂ የለም ማለት አይደለም። በጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ ያለው የፎገራ ሜዳ የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት ከአልጋቸው እየወጡ የሚያጥለቀልቁት ነው። ጎርፉ ደለል ያመጣል፤ ሩዙም በዚያ ይበቅላል። ጎርፍ በመንገዱ የከተማ ቦይና የቆሻሻ ቁልል ካገኘ ግን ከደለሉ ጋር ፌስታል ይዞ ይወርዳል። ደለል በማሳ ላይ ሲያርፍ ፌስታሉንም ይቀብረዋል። የተቀበረ ፌስታል ውሃ ወደ ታች እንዳይሰርግ ያግዳል፤ ሥር ሲደርስበት ይጠመዘዛል፤ ማረሻ ሲያገኘው ይቆራርጠዋል እንጂ አያጠፋውም። ፀሐይና እርሻ እያደቀቁት ወደማይታይ ቅንጣት ይለወጣል።

በጣም የሚያሳዝነው ጓሮው ነው። የገጠር ቤተሰብ ፍጉንና የቤት ጥራጊውን የሚጥለው በጓሮው ነው፤ ስለዚህ ጓሮ ከማሳ ሁሉ የለማው መሬት ነው። ጥራጊው አመድ፣ ልጣጭና ገለባ በነበረ ጊዜ ይህ ልማድ ከማዳበሪያ ይበልጥ ነበር። አሁን በዚያው ጥራጊ ውስጥ የብስኩት መጠቅለያ፣ የሻምፑ ከረጢትና ፌስታል አለ። ኮምፖስት የሚያዘጋጁ አርሶ አደሮች ጉድጓዱን ሲገለብጡ መጀመሪያ የሚያወጡት ያልበሰበሰውን ነው። የግብርና ባለሙያዎች ስለ ኮምፖስት ሲያስተምሩ ፕላስቲክን ከምንጩ መለየት ዛሬ የትምህርቱ የመጀመሪያ ምዕራፍ መሆን አለበት።

በውሃ አካላት ያለውን ለመገመት የዝዋይ ሐይቅ በቂ ማሳያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት በሐይቁ ከተያዙና ከተመረመሩ ዓሦች 35 በመቶ የሚሆኑት ፕላስቲክ መዋጣቸውን አረጋግጧል። ከተመረመሩት አራት ዝርያዎች መካከል ቆሮሶና አምባዛ ይገኙበታል። አብዝተው የዋጡትም በሐይቁ ወለል አካባቢ የሚመገቡት ናቸው። ዝዋይ ዙሪያው የአትክልትና የአበባ እርሻ ያለበት፣ ዓሣውም ወደ ከተማ ገበያ የሚሄድ ሐይቅ ነው። ጣናም ከተሞች የከበቡት፣ ጀልባ የሚመላለስበትና ብዙ ወንዞች የሚገቡበት ሐይቅ እንደመሆኑ ጉዳዩ ለእምቦጭ ከተሰጠው ትኩረት ጥቂቱ ቢደርሰው አይበዛበትም።

ይህን ሁሉ ሲሉ ግን ግብርናው ራሱ ንጹሕ እንደሆነ አድርጎ ማቅረብ ትክክል አይሆንም። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ግምገማ በዓለም ላይ የሰብልና የእንስሳት ምርት ዘርፉ በዓመት 12.5 ሚሊዮን ቶን የፕላስቲክ ውጤቶች እንደሚጠቀም አስታውቋል። በእኛ አገር የጠብታ መስኖ ቱቦው፣ የፀረ ተባይና የፀረ አረም ጠርሙሱ፣ የአትክልት ማሸጊያው ሁሉ ከዚህ ይመደባል። አየር የማያስገባው የእህል ማስቀመጫ ከረጢትም ፕላስቲክ ነው፤ እሱ ግን በቆሎን ያለ ኬሚካል ከነቀዝ ስለሚያድን፣ በጥንቃቄ ከተያዘም ከአንድ ዓመት በላይ ስለሚያገለግል ከፌስታል ጋር መቆጠር የለበትም። ባዶ የፀረ ተባይ ጠርሙስ ግን ሌላ ነው። ማሳ ዳር ተጥሎ ይገኛል፤ ይባስ ብሎ ታጥቦ ውሃ ይቀዳበታል። ይህን ከፌስታል የሚለየው የብክለቱ ዓይነት እንጂ የሚጣል መሆኑ አይደለም፤ ኬሚካሉን የሚሸጡት ኅብረት ሥራ ማኅበራትና ነጋዴዎች ባዶውን መልሰው የሚረከቡበት አሠራር በየወረዳው ያስፈልጋል።

ሌላው ትልቁ የችግኝ ፕላስቲክ ነው። የአረንጓዴ ዐሻራ መርሐ ግብር በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በየክረምቱ ብዙ ችግኝ ይተከላል። በ2017 ዓ.ም. ክረምት በአንድ ጀንበር ብቻ 700 ሚሊዮን ችግኝ ለመትከል ታቅዶ ነበር። ከዚህ ግማሹ እንኳ በፕላስቲክ ቱቦ የፈላ ቢሆን በአንድ ቀን 350 ሚሊዮን ቱቦ በየተራራው ይፈታል ማለት ነው። ባለሙያዎች ቱቦው ሙሉ በሙሉ ተቀዶ እንዲወጣና ተሰብስቦ እንዲመለስ ያሳስባሉ። በተግባር ግን ዘመቻ ጥድፊያ አለው። ዝናቡ እየወረደ፣ ሰልፉ እየተጓዘ፣ ጉድጓዱ እየተሞላ ቱቦው አንዳንዴ ከታች ብቻ ተቀዶ ችግኙ ከነመያዣው ይቀበራል። ይህ ሁለት ጊዜ ያከስራል፤ ፕላስቲኩ በአፈር ይቀራል፣ ሥሩም በቱቦው ውስጥ እየተጠማዘዘ ዛፉን ያቀጭጨዋል። የተወለቀው ቱቦም ቢሆን ጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ከተተወ ተራራው ወደ ግጦሽ ሲለወጥ ለከብት ይደርሳል።

ለዚህ መላ አለ። የትኛውም ዝርያ በቱቦ መፍላት አለበት የሚል ሕግ የለም። ሥራቸው ሳይጎዳ ከመደብ ተነቅለው በቀጥታ የሚተከሉ ዝርያዎች አሉ፤ ከቀርከሃ አንጓ፣ ከኮባና ከሙዝ ሽፋን የሚሠራ የችግኝ መያዣም ከነችግኙ ተቀብሮ ይበሰብሳል። በአዊ ቀርከሃ እያለ ለችግኝ ጣቢያው ፕላስቲክ ከሩቅ ማስመጣት ጥያቄ የሚያስነሳ ነው። በቱቦ መፍላት ያለበት ከሆነም የችግኝ ጣቢያው የሰጠውን ያህል ቱቦ ቆጥሮ መረከብ ይችላል፤ ቱቦ ሳይመለስ የተከላ ሪፖርት ባይጸድቅ ልማዱ በአንድ ክረምት ይቀየራል። መንግሥት ነጋዴውን ከፌስታል ሲከለክል የራሱን ዘመቻ ፕላስቲክ ቆጥሮ መመለሱ ለሕጉ ከቅጣት የበለጠ ክብር ይሰጠዋል።

በዓለም አቀፍ ደረጃም እርዳታ ቶሎ የሚመጣ አይመስልም። የፕላስቲክ ብክለትን የሚገታ አስገዳጅ ስምምነት ለማዘጋጀት እ.ኤ.አ. በማርች 2022 ናይሮቢ ላይ ቢወሰንም ድርድሩ በ2024 መጨረሻ ቡሳን ላይ፣ በ2025 ኦገስት ደግሞ ጄኔቫ ላይ ያለ ስምምነት ተበትኗል። የሚያከራክረው ብዙ ፕላስቲክ እንዳይመረት ገደብ ይደረግ ወይስ ቆሻሻው ብቻ ይያዝ የሚለው ነው። ነዳጅ አምራች አገራት ሁለተኛውን ይመርጣሉ። እዚህ ያለው ሥራ ግን ያንን ድርድር መጠበቅ አያስፈልገውም።

የመጀመሪያው ሥራ ርካሽ ነው። በየከተማው ቄራ የሥጋ ምርመራ የሚያደርግ የእንስሳት ሐኪም ወይም ባለሙያ አለ። የእርድ ከብት ሆድ ዕቃ በየቀኑ ይከፈታል። የጉበትና የሳንባ ጉዳት ይመዘገባል። በዚያው መዝገብ ላይ በጨጓራ ውስጥ ፕላስቲክ ተገኝቷል ወይስ አልተገኘም የሚል አንድ ዓምድ መጨመር፣ ከብቱ የመጣበትን ወረዳም አብሮ መጻፍ አዲስ በጀት አይጠይቅም። ከጎንደር፣ ከባሕር ዳር፣ ከደሴና ከደብረ ብርሃን ቄራዎች በየወሩ የሚመጣ እንዲህ ያለ ቁጥር የአካባቢ ጥበቃውን ከግብርናው ጋር በአንድ ወንበር ያስቀምጣል። የትኛው ወረዳ ገበያ እገዳውን እንደጠበቀ፣ የትኛው በወረቀት ብቻ እንደተወው ከማንም ሪፖርት በተሻለ ያሳያል። አሁን ቆጠራው ቢጀመር በጨጓራ ውስጥ ያለው ቀደም ባሉት ዓመታት የተዋጠ በመሆኑ ቁጥሩ መጀመሪያ ላይ ከፍ ብሎ ይቆያል። መነሻ ይሆን ዘንድ ግን መመዝገብ ያለበት ያ ከፍተኛ ቁጥር ነው፤ መኖ ሲያንስና ከብቱ ወደ ከተማ ዳር ቆሻሻ ሲጠጋ፣ ከየካቲት እስከ ግንቦት ባሉት ወራት የሚታረዱትን ለይቶ መያዝም ተገቢ ነው።